ጉሮሮና ገደል

የምንለማመደው ትዝታ ነበር። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ቦታውን ለጊታር ሲለቅልኝ የአምፑን ቮልዩም እስከ ጥግ አዙሬ ዲሌይ ፔዳሉን ረገጥኩ። ለሳምንታት በሐሳቤ ስሰማው የከረምኩት ድምፅ ነበር፤ ሻከር ያለ፣ የሚያለቅስ ዜማ፣ ከኋላው ደግሞ እየሳሳ እየራቀ የሚሄድ የገደል ማሚቶ። ከስፒከሩ የወጣው ግን ጭቃ ነው። ማሚቶው አልራቀም። ከዜማው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ መጣ፤ አራተኛው ኖታ ላይ ስደርስ የትኛውን አሁን፣ የትኛውን ቅድም እንደመታሁ ለእኔም ጠፋኝ። ድራመሩ አቆመ። ሁላችንም አቆምን።

"አምፕህ እኮ ሉፕ የለውም" አለኝ ቤዝ ተጫዋቹ። "ይሄንን ሽጥና ሉፕ ያለው ግዛ። ሌላ መላ የለውም።"

ቃሉን አውቀዋለሁ። በብዙ አምፖች ጀርባ ላይ ሁለት ተጨማሪ የጃክ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ሴንድ፣ ሌላው ሪተርን ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ኢፌክትስ ሉፕ ናቸው። ሲግናሉ በሴንድ ይወጣል፣ በፔዳሉ ውስጥ ያልፋል፣ በሪተርን ይመለሳል። የጊታር አምፕ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ፕሪአምፕ ነው፤ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያጎለብታል፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ይመጥናል። ሁለተኛው ፓወር አምፕ ነው፤ ስፒከሩን ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። ሉፑ በሁለቱ መሀል የተከፈተ በር ነው። እስከዚህ ድረስ አውቅ ነበር። በሩ ለምን እዚያ ቦታ እንደተከፈተ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የእኔ አምፕ 50 ዋት ነው፤ በቫልቭ የሚሠራ፣ የ1960ዎቹን አሠራር የተከተለ፣ አንድ ቮልዩም ብቻ ያለው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠርግ ሥራ ገንዘብ አጠራቅሜ ነው የገዛሁት። ልሸጠው አልጨከንኩም። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰብኩ፤ ጀርባውን አስበስቼ ሉፕ ላስገጥምለት።

መርካቶ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ቫልቭን የሚያውቁት ዕቃው ብርቅ ሳይሆን በየቤቱ ሬዲዮ ውስጥ በነበረበት ዘመን ነው። አምፑን አሸክሜ ወሰድኩላቸው።

"ጋሼ፣ ሉፕ ይግጠሙልኝ" አልኳቸው።

"ለምን ፈለግኸው?"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አምፑን አልከፈቱትም። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ዝም አሉና፣ "ገደል ፊት ቆመህ ጮኸህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ በልጅነቴ።"

"ስትጮህ ድምፅህ ቢሻክር፣ ገደሉ ምን ብሎ ይመልስልሃል?"

"ያንኑ የሻከረውን።"

"የሻከረውን፣ ግን ጥርት አድርጎ። እየቀነሰ፣ እየራቀ። ለምን መሰለህ? ጉሮሮ ይቀድማል፣ ገደል ይከተላል። አንተ ገደሉን ጉሮሮህ ውስጥ ከተትከው። አሁን ደግሞ ቦታውን ልለውጥ ትላለህ። ጥሩ ነው ልጄ። ግን የዚህ አምፕ ጉሮሮ የት ጋ ነው? እሱን አውቀህ ና። ጉሮሮው የት እንዳለ ሳታውቅ ገደሉን የት ልትከልልህ?"

አምፑን ይዤ ተመለስኩ።

የጀመርኩት በወረቀትና በእስክርቢቶ ነው። ዲስቶርሽን የምንለው ነገር በመሠረቱ የጣሪያ ጉዳይ ነው። ቫልቭ ሊያሳልፈው የሚችለው ሲግናል ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ያ የተቆረጠ ጫፍ ነው በጆሯችን ሻካራ ሆኖ የሚሰማው። ለስሌት እንዲመቸኝ ጣሪያውን 1 ቮልት አደረግሁት፤ የምመታው ኖታ ደግሞ 4 ቮልት ይሁን። ዲሌዩ እያንዳንዱን ማሚቶ በግማሽ እየቀነሰ ይመልሳል፤ 2 ቮልት፣ 1 ቮልት፣ ግማሽ ቮልት።

ገደሉ ከጉሮሮው በፊት ሲሆን እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ጣሪያው ላይ ይደርሳሉ። ባለ 4ቱ ተቆርጦ 1 ይሆናል። ባለ 2ቱም ተቆርጦ 1 ይሆናል። ባለ 1ዱ እንዳለ 1 ነው። ግማሹ ብቻ ግማሽ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ኖታው፣ የመጀመሪያው ማሚቶና ሁለተኛው ማሚቶ በእኩል ጉልበት ይሰማሉ ማለት ነው። መራቅ የሚባል ነገር የለም። ቅደም ተከተሉን ስገለብጠው ግን ኖታው መጀመሪያ ተቆርጦ 1 ቮልት ይሆናል፤ ዲሌዩ ያንን ተቀብሎ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያደረገ ይመልሰዋል። ገደል የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የባሰም አለ። ማሚቶው ሳይጠፋ አዲስ ኖታ ስመታ ሁለቱ ተደምረው ነው ጣሪያው ላይ የሚደርሱት። ጣሪያው ደግሞ ሁለት ድምፆችን ለየብቻቸው መቁረጥ አይችልም፤ የሚቆርጠው ድምራቸውን ነው። በዚህ መሀል ማንም ያልተጫወታቸው ድምፆች ይወለዳሉ። አንዱ ኖታ 440፣ ጎረቤቱ 494 ኸርዝ ቢሆኑ፣ አብረው ሲቆረጡ የልዩነታቸውን 54 ኸርዝና የድምራቸውን 934 ኸርዝ የመሳሰሉ ተቀጽላዎች ይዘው ይወጣሉ። ትዝታ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው። ለእኔ ውበቱ በእያንዳንዱ ድምፅ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ባልተጠሩ እንግዶች ሲሞላ ቅኝቱ ራሱ ይጠፋል። በልምምዱ ቀን የሰማሁት ጭቃ ምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ወረቀቱ ያልጠየቅሁትንም ነገረኝ። ኖታውን ከ4 ቮልት ወደ ግማሽ ቮልት ባወርደውስ? ጣሪያው አይነካም። አምፑ የሚሠራው ማባዛት ብቻ ይሆናል። ከማባዛት በኋላ መድገምም ሆነ ከመድገም በኋላ ማባዛት ውጤቱ አንድ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጉሮሮው ካልሻከረ ገደሉ ከፊትም ቆመ ከኋላ ለውጥ የለውም። በዚያው ማታ ሞከርኩት። ቮልዩሙን ወደ 2 አወረድኩና ያንኑ ዲሌይ በዚያው ቦታ፣ በጊታሩና በአምፑ መሀል ተጫወትኩበት። ማሚቶው ጥርት ብሎ ራቀ። ያለ ምንም ሉፕ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በአማርኛ ዘፈን ውስጥ የምንሰማው ጊታር አብዛኛው ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ነው፤ የምቱ ጊታር ይሁን ዜማ ተከታዩ። እንደዚያ ለሚጫወት ሰው የሉፕ ጥያቄ እዚሁ ያበቃል። ሁለት የጃክ ቀዳዳ ፍለጋ ተጨማሪ ብር ማውጣት የለበትም።

እኔ ግን የሻከረውን ነበር የፈለግሁት። ቀጥዬ የዲስቶርሽን ፔዳል መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ከእሱ በኋላ ዲሌዩን፣ ከዚያ አምፑን በዝቅተኛ ቮልዩም። ጉሮሮው እግሬ ሥር መጣ፤ ገደሉ ከኋላው ተሰለፈ። ይህም ጥርት ብሎ ሠራ። ብዙ ጊታሪስቶች በዚህ ብቻ ዕድሜ ልካቸውን ይጫወታሉ፤ ትክክልም ናቸው። ልቤን ያላሳረፈው አንድ ነገር ነው፤ የተከፈተ ቫልቭ ለጣት ይታዘዛል። ቀስ ብዬ ስመታ ይጠራል፣ ጠንከር ስል ይሻክራል። በእጄ ያለው ፔዳል ይህን አይሰጠኝም። ለዚህ ነበር ሁለት ዓመት የቆጠብኩት።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ያዝኩ። የጥንቶቹ ተጫዋቾች እንዴት አደረጉት? (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950ዎቹ ሬይ በትስ የተባለ ሰው በኢሊኖይ ግዛት፣ ኬይሮ በምትባል ከተማ፣ የቴፕ ማሚቶ በሆዱ የያዘ ኤኮሶኒክ የሚባል አምፕ ሠራ፤ ጊታሪስቱ ቼት አትኪንስም የኤልቪስ ፕሪስሊ ጊታሪስት ስኮቲ ሙርም ተጫውተውበታል። በ1959 ኤኮፕሌክስ የተባለው የቴፕ ማሚቶ ራሱን ችሎ በሳጥን መጣ። ፌንደር የተባለው አምፕ ሠሪ ኩባንያ በ1961 ለብቻው የቆመ የሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት የሚሰጥ) ሳጥን አወጣ። ኤኮፕሌክስም የፌንደሩ ሳጥንም በጊታሩና በአምፑ መሀል የሚገቡ ነበሩ፤ ልክ የእኔ ዲሌይ እንደገባው። ይህ እንዴት አላስቸገራቸውም ብዬ ብዙ አሰብኩ። መልሱ ወረቀቴ ላይ ነበር፤ አምፖቹ የተሠሩት ጥርት ያለ ድምፅ እንዲሰጡ ነው፤ ጉሮሮ የሚባል ነገር በዕቅዳቸው ውስጥ አልነበረም። በ1963 ፌንደር ቫይብሮቨርብ በተባለው አምፕ ሪቨርቡን ወደ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ የመጡትን እንደ ትዊን ሪቨርብ ያሉ አምፖች የሰርኪዩት ሥዕል ስከታተል ደነገጥኩ፤ ሪቨርቡ የተቀመጠው ከቮልዩሙና ከድምፅ መመጠኛዎቹ በኋላ፣ ከፓወር አምፑ በፊት ነው። ሉፕ የሚባለው ቦታ ይኸው ነው። ቀዳዳ ብቻ አልነበረውም።

ከዚያ ለንደን። ጂም ማርሻል በሃንዌል ሰፈር በነበረው የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ከሠራተኞቹ ጋር በ1962 የፌንደርን ቤዝማን አምፕ መነሻ አድርጎ የራሱን ሠራ። በ1965 ባለ 100 ዋቱ ሱፐር ሊድ ተከተለ፤ የሞዴል ቁጥሩ 1959 ነው፣ ብዙ ሰው ዓመት ይመስለዋል፣ አይደለም። እነዚህ አምፖች ማስተር ቮልዩም፣ ማለትም ከፕሪአምፑ በኋላ ጩኸቱን የሚመጥን ሁለተኛ ቮልዩም፣ የላቸውም። እስከ ጥግ ሲከፈቱ ፕሪአምፑ መጠነኛ ሥራ ይሠራል፤ ዋናው መሻከር የሚመጣው ከመጨረሻዎቹ ትልልቅ ቫልቮችና እነሱን ከሚገፋው ክፍል ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ የተጫወተው በእንደዚህ ያለ አምፕ ነው፤ ዋዋና ፈዝ የሚባሉት ፔዳሎቹ ሁሉ በፊት በኩል ገብተው።

ድምፁ ግን ሰው የሚያደነቁር ነበር። በትንሽ አዳራሽ ውስጥ 100 ዋት እስከ ጥግ መክፈት አይቻልም። በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ራንዳል ስሚዝ ቡጊ በተባሉት አምፖቹ ፕሪአምፑ ላይ ተጨማሪ የማጎልበቻ ደረጃ ሠራ፤ ከኋላው ደግሞ ማስተር ቮልዩም። ማርሻልም በ1975 ማስተር ቮልዩም ያለውን 2203 ሞዴል አወጣ። አሁን ሲግናሉ የሚሻክረው ገና ፕሪአምፑ ውስጥ ነው፤ ማስተሩ ከኋላ ሆኖ ጩኸቱን ይቀንሳል፣ ፓወር አምፑ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ጉሮሮው ከቤቱ ጀርባ ወደ ፊት ለፊት ክፍል ተዛወረ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ። በጉሮሮውና በስፒከሩ መሀል ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ቦታ ተገኘ፤ ገደል የሚተከልበት ቦታ! ሉፕ የተወለደው ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ መባቻ የቡጊ ማርክ 2 ትውልድ አምፖች ላይ መጣ። ጄሲኤም 800 የተባለው የማርሻል አምፖች ቤተሰብ በ1981 ሲወጣ ባለ አንድ ቻናሉ 2203 አሁንም ሉፕ አልነበረውም፤ በ1987 የወጣው ሲልቨር ጁቢሊና በ1990 የወጣው ጄሲኤም 900 ግን ይዘውት መጡ። በመሀሉ፣ በ1983፣ ቦስ የተባለው ኩባንያ ዲዲ 2 የሚባለውን ዲጂታል ዲሌይ በአንድ ትንሽ ፔዳል አጭቆ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ማሚቶ በየጊታሪስቱ እግር ሥር ገባ። ሉፕ የማስተር ቮልዩም ልጅ ነው። አባትየው በሌለበት ልጁ ምን ሥራ አለው?

ይህንን ጥያቄ ይዤ ሉፕና ማስተር ቮልዩም ያለው አምፕ ካለው ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ፕሪአምፑን ከፍ፣ ማስተሩን ዝቅ አድርገን ዲሌዩን በሉፑ ውስጥ አስገባነው። ያ ለሳምንታት በሐሳቤ የሰማሁት ድምፅ ወጣ፤ ሻካራ ዜማ፣ የሚርቅ ማሚቶ። ጓደኛዬ፣ "አየህ? ሽጠው ብለውህ ነበር" አለኝ።

"ማስተሩን እስከ ጥግ ክፈተው" አልኩት።

"ጎረቤት ይነሣብናል።"

"ለአንድ ደቂቃ ብቻ።"

ከፈተው። መስኮቱ ተርገበገበ። ዜማውን መታሁት። ጭቃው ተመልሶ መጣ። ዲሌዩ ሉፑ ውስጥ ነው፣ ገመዱ ትክክል ነው፣ ግን ያው የልምምዱ ቀን ጭቃ። ማስተሩ ሲከፈት ሁለተኛ ጉሮሮ በፓወር አምፑ ውስጥ ተፈጠረ፤ የሉፑ ገደል ከእሱ በፊት ቀረ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ የማስበው ስለ ራሴ አምፕ ነበር። አንድ ቮልዩም፣ ማስተር የለም፣ መሻከሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ከመጨረሻዎቹ ቫልቮች። ላስበሳው ያሰብኩት ቀዳዳ የሚከፈተው ከጉሮሮው በፊት ነበር። አምፑን ሸጬ ሉፕ ያለው ብገዛም፣ እንደ ልማዴ እስከ ጥግ ብከፍተው ኖሮ፣ ከዚያው ጭቃ አልወጣም ነበር።

በዚያ ቀን ሌላም ነገር አይተናል፤ በአጭሩ ልጥቀሰው። የእኔ ዲሌይ በመጀመሪያ ሉፑ ውስጥ ሲገባ ራሱ መሻከር ጀምሮ ነበር። አንዳንድ ሉፕ የሚልከው ሲግናል ከጊታር ሲግናል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለስቱዲዮ መሣሪያዎች ታስቦ የተሠራ ነው። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፔዳል ይህን መሸከም ያቅተዋል። የጓደኛዬ አምፕ ልኩን የሚቀይር ማብሪያ ስላለው ተፈታ። በካሊፎርኒያ የኖረው ስመ ጥሩ አምፕ ሠሪ አሌክሳንደር ደምብል ለኦቨርድራይቭ ስፔሻል አምፖቹ ሉፕ፣ ደምብሌተር የተባለ በቫልቭ የሚሠራ ሌላ ሳጥን እስከመሥራት የደረሰው፣ ሲግናሉ በሚወጣበትና በሚመለስበት ጊዜ ልኩ እንዲጠበቅ ነው። ሉፕ አለው መባሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ እንዴት ያለ ሉፕ እንደሆነም ይጠየቃል።

ወደ መርካቶ ተመለስኩ። አምፑን አልወሰድኩም።

"ጉሮሮው መጨረሻው ላይ ነው ጋሼ" አልኳቸው። "ከስፒከሩ አፍ አጠገብ።"

"እንግዲያው ገደሉ የት ይተከል?"

"ከስፒከሩ በኋላ።"

"ከስፒከሩ በኋላ ምን አለ?"

"አየር ነዋ።"

"ከአየሩስ በኋላ?"

የመለስኩት ትንሽ ቆይቼ ነው። "ማይክ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አምፑን ለማስበሳት በመምጣቴ ገሠጹኝ፤ እንዲህ ባለ አምፕ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይመላለሳል፣ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው የሚገድል ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ማንም ድሪል የያዘ ሰው የሚነካካው ዕቃ አይደለም።

ማይክ ስል ራሴን ታዘብኩት፤ መልሱ ለዓመታት ስሰማቸው በኖርኩት ሸክላዎች ውስጥ ነበር። በ1978 የወጣውን ቫን ሄለን የተባለውን ባንድ የመጀመሪያ አልበም እንውሰድ። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን የተጫወተው ማስተር ቮልዩምም ሉፕም በሌለው ባለ 100 ዋት ማርሻል ነው። በፊት በኩል የገቡት ፔዳሎቹ እንዳሉ ሆነው፣ በጊታሩ ዙሪያ የሚሰማው ያ ሰፊ የአዳራሽ ድምፅ ግን የመጣው ከማይኩ በኋላ፣ በሆሊውድ ሰንሴት ሳውንድ ስቱዲዮ፣ ከኢንጂነሩ ከዶን ላንዲ ሰሌዳ ነው። ስቱዲዮው ራሱ ሉፕ ነበር። ኤዲ በኋላ ዘመን መድረክ ላይም ይህንኑ አደረገ፤ ከአምፑ መውጫ ሲግናል አስቀንሶ ወሰደ፣ በኢፌክቶቹ ውስጥ አሳለፈና በሌሎች ፓወር አምፖችና ስፒከሮች አሰማው።

በሚቀጥለው ልምምድ አምፑን እንደ ወትሮው ከፈትኩት። ዲሌይ ፔዳሌ ቦርሳ ውስጥ ነው። የሳውንድ ሰውየው ስፒከሩ ፊት ማይክ አቆመ፣ ሚክሰሩ ውስጥ ካሉት ኢፌክቶች ዲሌይ መርጦ ለጊታሩ ቻናል ለቀቀው፤ ፍጥነቱን ከድራሙ ጋር አስተካከልነው። ዘፋኙ ቦታውን ሲለቅልኝ ትዝታን መታሁ። ዜማው ሻክሮ ወጣ፤ ማሚቶው ጥርት ብሎ ራቀ። ቤዝ ተጫዋቹ ወደ አምፑ ጀርባ ሄዶ ሲያጎነብስ አየሁት፤ ቀዳዳ ፈልጎ ነው።

ሉፕ የሌለው አምፕ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመሸጣችሁ ወይም ከማስበሳታችሁ በፊት ዲሌያችሁን ከፊት አስገብታችሁ ቮልዩሙን ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ክፈቱት፤ ማሚቶው መራቅ የሚያቆምበትን ቦታ ፈልጉ። የምትጫወቱት ከዚያ ቦታ በታች ከሆነ ሉፕ አያስፈልጋችሁም። ከዚያ በላይ ሆኖ መሻከሩ ከፕሪአምፑ የሚመጣ፣ አምፑም ማስተር ቮልዩም ያለው ከሆነ ሉፕ ይጠቅማችኋል፤ ባለሙያ ፈልጉለት። መሻከሩ ከፓወር አምፑ ከሆነ ግን ማይክ ግዙ። የእኔ አምፕ ጀርባ እስከ ዛሬ አልተበሳም።